ኩባንያው አተረፈ፤ አክሲዮኑ ለምን ወረደ? የትርፍና የኪሳራ ዜና ሲመጣ ዋጋን የማንበቢያ መመሪያ

አጎቴ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ ስልካቸውን ወደ እኔ ገፉት። ጎንደር፣ ፒያሳ ነን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል። ስክሪኑ ላይ የባንካቸው ዜና አለ። ትርፉ ከአምናው ጨምሯል ይላል።

«ይኸው፣ አትርፏል። አንድ ሰው ደግሞ ሼሬን ሊገዛ መጣ። አምና 1,800 ብር የተጠየቀውን ዘንድሮ 1,500 አለኝ። እያታለለኝ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?»

«ጋሼ፣ ሰውየው ላያታልልዎት ይችላል» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ደረሰኝ ገለበጥንና ከጀርባው ላይ ማስላት ጀመርን። ይህ መመሪያ ያ ደረሰኝ ነው፣ ትንሽ ሰፋ ብሎ።

አስቀድሜ ልናገር፤ ፈቃድ ያለው የኢንቨስትመንት አማካሪ አይደለሁም። «ይህን ግዙ፣ ያን ሽጡ» የሚል ነገር እዚህ አታገኙም። የባንኩ ቁጥሮችም ለስሌት እንዲመቹ ያጠጋጋኋቸው ምሳሌዎች ናቸው።

ደረጃ 1፦ የምናወራው ስለ የትኛው ዋጋ ነው?

አንድ አክሲዮን ቢያንስ ሦስት ዋጋ አለው። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሰዎች አንዱን ዋጋ ይዘው ስለ ሌላው ስለሚያወሩ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው። ፓር ቫልዩ የሚሉት። የአጎቴ ባንክ ላይ 1,000 ብር ነው። ባንኩ ቢያተርፍም ቢከስርም ይህ ቁጥር አይነቃነቅም።

ሁለተኛው የመዝገብ ዋጋ ነው። ኩባንያው ያለውን ሁሉ ይደመራል፣ ዕዳው ይቀነሳል፣ የቀረው ለአክሲዮኖቹ ቁጥር ይካፈላል። ትርፍ ኩባንያው ውስጥ ሲቀር ይህ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ኪሳራ ሲመጣ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ዛሬ አንድ ገዥ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው ነው። የገበያ ዋጋ። ይህኛው ነው ዜና ሲሰማ የሚዘለው ወይም የሚወድቀው።

እኛ አገር ለረጅም ጊዜ ሦስተኛውን ዋጋ ማየት ከባድ ነበር። ሼር የሚሸጠው በትውውቅ፣ በደላላ፣ አንዳንዴም በሠርግ ቤት ወሬ ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ሲጀምር ነገሩ መቀየር ጀመረ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ገበያው ላይ የተመዘገበ ኩባንያ ዋጋው በአደባባይ ይታያል። ያልተመዘገበው ግን፣ እንደ አጎቴ ባንክ፣ አሁንም በስምምነት ነው የሚሸጠው። ስለዚህ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የቱ ዋጋ?» በሉ።

ደረጃ 2፦ ትርፉን ለአክሲዮኖቹ ቁጥር አካፍሉት

ይህ ደረጃ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም እዚህ ተሳስቻለሁ።

ዜናው የሚነግራችሁ ጠቅላላ ትርፉን ነው። ቢሊዮን ሲባል ጆሮ ይሞላል። እናንተ ግን ባንኩን በሙሉ አልገዛችሁም፤ የያዛችሁት ጥቂት ወረቀት ነው። ስለዚህ የሚመለከታችሁ በአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ ነው።

በደረሰኙ ጀርባ የጻፍነው እንዲህ ነው። አምና ባንኩ ግብር ከከፈለ በኋላ 1.8 ቢሊዮን ብር አተረፈ። የተከፈለ ካፒታሉ፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች ለአክሲዮኖቻቸው የከፈሉት ገንዘብ፣ 6 ቢሊዮን ነበር። አንዱ አክሲዮን 1,000 ብር ከሆነ 6 ሚሊዮን አክሲዮን አለ ማለት ነው። 1.8 ቢሊዮን ለ6 ሚሊዮን ሲካፈል 300 ብር።

ዘንድሮ ትርፉ 2 ቢሊዮን ሆነ። 11 በመቶ ጨመረ፣ እልልታም ተባለለት። ነገር ግን ባንኩ በዚሁ ዓመት አዲስ አክሲዮን ሸጦ ካፒታሉን 8 ቢሊዮን አድርሷል። 2 ቢሊዮን ለ8 ሚሊዮን ሲካፈል 250 ብር።

አጎቴ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «እንጀራው ተለቀ፣ በላተኛው ግን በዛ በለኛ» አሉ። አዎ። ጠቅላላ ትርፉ በ11 በመቶ አደገ፤ ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ግን በ17 በመቶ ገደማ ወረደ። የሰውየው 1,500 ብር ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም።

በነገራችን ላይ ይህ በእኛ ባንኮች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ሲያደርግ፣ ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ ነበር የተባለው። ስለዚህ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ፣ የትርፍ ድርሻንም ወደ ካፒታል ሲያዞሩ ቆዩ። ካፒታል ማደጉ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አዲሱ ገንዘብ ሥራ ላይ ውሎ ትርፍ እስኪያመጣ ግን ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ድርሻው ይሳሳል።

አንድ ማስተካከያ አለ። አዲሱ 2 ቢሊዮን የገባው ዓመቱ አጋማሽ ላይ ከሆነ በ8 ሚሊዮን ማካፈል ባንኩን መበደል ነው፤ ገንዘቡ የሠራው ግማሽ ዓመት ብቻ ነውና። አማካዩን 7 ሚሊዮን ወስዳችሁ ብታካፍሉ 286 ብር ገደማ ይመጣል። ይህን ራሳችሁ ማስላት ከሰለቻችሁ፣ ኦዲት የተደረገውን የሂሳብ መግለጫ ክፈቱና የትርፍና ኪሳራው ገጽ መጨረሻ ላይ ፈልጉ። በአንድ አክሲዮን የተገኘ ትርፍ ተብሎ ተቀምጧል። ቢልቦርድ ላይ ግን አይጻፍም።

የዋጋ ንረቱንም አትርሱ። በ2014 እና በ2015 ንረቱ 30 በመቶ አካባቢ ነበር። በዚያ ዘመን ትርፉ 11 በመቶ ያደገ ኩባንያ በእውነተኛው ኪስ ሲለካ ወደ ኋላ ነው የሄደው።

ደረጃ 3፦ ሰው አስቀድሞ ምን ጠብቆ ነበር?

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ገበያ የሚከፍለው ስላለፈው አይደለም፤ ስለሚመጣው ነው። የትርፍ ዜና ደግሞ ሁልጊዜ ስላለፈው ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚነቃነቀው ዜናው ከተጠበቀው በተለየበት መጠን ነው።

ጎንደር ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የጥምቀትን ሰሞን አስቡት። ጥር 8 እና 9 የአልጋ ዋጋ የት ይደርሳል? እንግዳው ገና አልመጣም፣ የፋሲለደስ መዋኛ ገና ውሃ እየተሞላ ነው፣ ዋጋው ግን ወጥቷል። ጥር 14 ላይ ሂዱና ደግሞ ጠይቁ። ባለሆቴሉ የዓመቱን ትልቅ ገቢ በኪሱ ይዞ ቆሟል፤ የአልጋው ዋጋ ግን ወርዷል። «አትርፎ ሳለ ለምን ቀነሰ?» የሚል ሰው የለም። ዋጋው የቆመው በሚጠበቀው እንግዳ ላይ እንጂ በሄደው ላይ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

አጎቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን በመተማ ሰሊጥ ነው የጨረሱት። ሰሊጡ ሳይታጨድ፣ ሳይራገፍ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ አይተዋል። በመስከረም መጨረሻ ያለጊዜው ዝናብ ጣለ ሲባል ያኔውኑ ይወደዳል። የቻይና ገዥ ቀዘቀዘ ሲባል መጋዘን ውስጥ ያለው ያምናው ሰሊጥ እንኳ ይረክሳል። «አክሲዮንም እንደዚያው ነው» ስላቸው «ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አትለኝም?» ብለው ተቆጡኝ።

ከዓለም አንድ ምሳሌ ልጨምር። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2022 በአንድ ቀን የአክሲዮን ዋጋው 26 በመቶ ወረደ። ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ጠፋ። ኩባንያው ግን አልከሰረም። ያኔ ባወጣው ሪፖርት በሦስት ወር ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አትርፏል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር፤ ፌስቡክን በየቀኑ የሚከፍተው ሰው ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀነሰ፣ የቀጣዩ ሩብ ዓመት ገቢም ከተጠበቀው ያነሰ እንደሚሆን ተነገረ። ገበያው ትርፉን ትቶ መጪውን አየ።

እሺ፣ የሚጠበቀውን በምን እናውቃለን? አሜሪካ ውስጥ ተንታኞች ግምታቸውን ያሳትማሉ። እኛ ዘንድ ራሳችሁ መልቀም አለባችሁ። እኔ የምለቅመው ከአራት ቦታ ነው። ያለፉት ሦስት ዓመታት በአንድ አክሲዮን የተገኘ ትርፍ ወዴት እየሄደ ነበር? የቦርዱ ሰብሳቢ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ምን ቃል ገቡ? የግማሽ ዓመቱ አፈጻጸም ምን አለ? ቀድመው ሪፖርት ያወጡት ተመሳሳይ ኩባንያዎች እንዴት ሆኑ? ሦስት ባንኮች ትርፋቸው 40 በመቶ ካደገ፣ የእናንተ 11 በመቶ መልካም ዜና አይደለም።

ከዚያ ሪፖርቱ ሳይወጣ ግምታችሁን ደብተር ላይ ጻፉ። አንድ ቁጥር ብቻ። «በአንድ አክሲዮን 310 ብር እጠብቃለሁ» ብላችሁ። ዜናው ከመጣ በኋላ «እኔማ አውቄው ነበር» ማለት ቀላል ነው። ደብተሩ ግን አያስዋሽም።

ቀኑንም እወቁ። የብዙዎቹ ኩባንያዎች፣ የባንኮች ሁሉ፣ የሂሳብ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ያልተጣራ የትርፍ ወሬ ከሐምሌ ጀምሮ መናፈስ ይጀምራል። ኦዲት የተደረገው ሪፖርት የሚቀርበው በአብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ «አዲስ» የሚባለው ዜና ቢያንስ አምስት ወር የቆየ ነው። ዋጋው ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

ደረጃ 4፦ ትርፉን በተስፋ አባዙት

ዋጋን እንዲህ አስቡት፦ በአንድ አክሲዮን የተገኘ ትርፍ፣ ሲባዛ ሰው ለአንድ ብር ትርፍ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነበት እጥፍ። ሁለተኛውን እኔ ተስፋ እለዋለሁ።

አምና ገዥው ለአጎቴ አክሲዮን 1,800 ብር ሲል፣ ትርፉ 300 ስለነበር፣ ተስፋው 6 ነበር። ዘንድሮ ትርፉ 250 ነው። ተስፋው 6 ላይ ከቆመ 1,500 ይመጣል። ሰውየው ያለው ይህንኑ ነው። አጎቴ እዚህ ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ፤ የተደራዳሪውን ሂሳብ ማየት ደስ ይላቸዋል።

አሁን መጥፎውን እናስብ። ገዥው «ይህ ባንክ እየወረደ ነው» ብሎ ተስፋውንም ወደ 5 ቢያወርደው? 250 ሲባዛ በ5፣ 1,250 ብር። ትርፉ የቀነሰው 17 በመቶ ገደማ ነው፤ ዋጋው ግን ከ1,800 ወደ 1,250፣ 31 በመቶ ገደማ። ትንሽ የትርፍ መቀነስ ትልቅ የዋጋ መውደቅ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይወርዳሉ። በደጉ ጊዜም እንዲሁ አብረው ይወጣሉ፤ ያኔ ግን ማንም አያጉረመርምም።

ተስፋውን የሚያወጡትና የሚያወርዱት ነገሮች ከኩባንያው ውጭም አሉ። ዋናው ወለድ ነው። በ6 እጥፍ መግዛት ማለት በከፈላችሁት 100 ብር 16.7 ብር ገደማ ዓመታዊ ትርፍ መግዛት ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የፖሊሲ ወለዱን፣ ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆነውን፣ 15 በመቶ ብሎ ሲጀምር፣ ገንዘብ ያለው ሰው ማነጻጸር ጀመረ። ሌላ ቦታ ያለ ሐሳብ ጥሩ ወለድ የሚያገኝ ሰው ለአክሲዮን 6 እጥፍ አይከፍልም። ኩባንያው ምንም ሳያጠፋ ዋጋው ሊወርድ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ትርፉ ከየት መጣ?

እዚህ የራሴን ጉድ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኩባንያ ትርፉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ተባለ። ኩባንያውን አልጠራውም። ከአንድ ወዳጄ ላይ አክሲዮኑን በደህና ጭማሪ ገዛሁ። ሪፖርቱን ያነበብኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቤ የሊቀመንበሩን ፎቶ አይቼ ዘጋሁት። በቀጣዩ ዓመት ትርፉ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ያኔ ተመልሼ ማብራሪያዎቹን አነበብኩ። ጭማሪው የመጣው ከሕንፃ ሽያጭ ነበር። ሕንፃ ደግሞ በየዓመቱ አይሸጥም። ማንም አልዋሸኝም፤ በግልጽ ተጽፏል። ገጽ 40 ምናምን ላይ።

ስለዚህ ትርፉን ሁለት ቦታ ክፈሉት። ከዕለት ተዕለት ሥራ የመጣውና አንድ ጊዜ ብቻ የመጣው። ተስፋውን የምታባዙት በመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛውን እንዳለ ደምሩት እንጂ አታባዙት።

በባንክ ላይ ሦስት ነገር እዩ። ከወለድ የተገኘው የተጣራ ገቢ አድጓል? ለተበላሸ ብድር የተያዘው ተቀናሽ ቀንሶ ነው ትርፉ የጨመረው? ከውጭ ምንዛሬ የመጣው ስንት ነው? ሦስተኛው በተለይ የ2017 ሪፖርቶች ላይ ብዙ ነገር ያደበዝዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ሀብት የነበረው ቁጭ ብሎ አተረፈ፤ በዶላር ዕዳ የነበረበት ቁጭ ብሎ ከሰረ። ሁለቱም የአመራር ጉብዝናን ወይም ስንፍናን አያሳዩም።

ትርፉና ጥሬ ገንዘቡም ይለያያሉ። በዱቤ የሸጠ ነጋዴ በወረቀት አትርፏል፣ መሳቢያው ግን ባዶ ነው። ከአራዳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ «ከሥራ የተገኘ» የሚለው መስመር ለሁለትና ሦስት ዓመት ከትርፉ በጣም ካነሰ፣ ጥያቄ አለ።

ደረጃ 6፦ ኪሳራ ሲሆን፣ የቱ ዓይነት ኪሳራ?

ኪሳራ ሁሉ አንድ አይደለም። የዘር ኪሳራ አለ፣ የአደጋ ኪሳራ አለ፣ የመበስበስ ኪሳራ አለ። ስሞቹ የእኔ ናቸው።

የዘር ኪሳራ ማለት ገበሬ በሰኔ እህሉን ከጎተራ አውጥቶ መሬት ላይ ሲበትን ያለው ነው። ላላወቀ ሰው ያባከነ ይመስላል። አማዞን አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሩብ ዓመት ያተረፈው በ2001 መጨረሻ ሲሆን ትርፉም 5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ሙሉ ዓመት ያተረፈው በ2003 ነው። በኪሳራው ዘመን ዋጋው መጀመሪያ እጅግ ወጣ፤ ከዚያ ከ1999 መጨረሻ እስከ 2001 ከ90 በመቶ በላይ ወደቀ። ይህን የምጠቅሰው «ከሳሪ ኩባንያ ግዙ፣ አማዞን ይሆናል» ለሚሉ ሰዎች ነው። ዘሩ ጥሩ ሆኖም ባለአክሲዮኑ በመሐል ልቡ ሊቆም ይችላል። ያልበቀሉት ደግሞ ስማቸው አይነሳም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ሳፋሪኮም ነው። የኬንያው ኩባንያ በናይሮቢ ገበያ የተመዘገበ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት በይፋ የጀመረው በመስከረም 2015 ነው። አንቴና መትከል፣ ፈቃድ፣ ሠራተኛ፣ ሁሉም ወጪ ነው። ኬንያ ውስጥ በደንብ እያተረፈ የኢትዮጵያው ክፍል ኪሳራ የቡድኑን ትርፍ ይቀንስ ነበር። የብር ምንዛሬ ሲለወጥ ደግሞ ኪሳራው ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ የነበረው አክሲዮኑ በ2023 መጨረሻ ወደ 13 ሽልንግ አካባቢ ወርዶ ነበር። ምክንያቱ እኛ ብቻ አይደለንም፤ የውጭ ባለሀብቶች ከናይሮቢ ገበያ በብዛት ወጥተዋል። ግን የኢትዮጵያ ወጪ አንዱ ነበር። እዚህ ፒያሳ ሲም ካርድ ስንገዛ፣ ናይሮቢ ያለ ጡረተኛ የእኛን ቆጣሪ እያየ ነበር ማለት ነው።

የአደጋ ኪሳራ በሌላ መንገድ ይታያል። መጋዘን ተቃጠለ፣ አንድ ትልቅ ተበዳሪ ወደቀ። ዋጋው ይወርዳል፤ ጉዳቱ ስንት እንደሆነ በትክክል ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መልሶ ያገግማል። አንዳንዴ እንዲያውም የኪሳራው ቁጥር በይፋ በወጣበት ቀን ዋጋው ይጨምራል። ሰው ከዚያ የባሰ ፈርቶ ስለነበር።

የመበስበስ ኪሳራ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሽያጭ በየዓመቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ዕዳ ትንሽ ይጨምራል፣ ሥራ አስኪያጅ ይቀያየራል። ዋጋው በአንድ ቀን አይወድቅም፤ ገዥ ብቻ ይጠፋል።

ለመለየት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ኪሳራው እያለ ሽያጩ እያደገ ነው? በእጁ ያለው ገንዘብ በዚህ አካሄድ ስንት ወር ያቆየዋል? ዕዳው በብር ነው በዶላር? ሁለተኛው ላይ መልሱ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ፣ አዲስ አክሲዮን ሊሸጥ ነው ማለት ነው። ያኔ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ በላተኛ ሊበዛ ነው።

በኪሳራ ጊዜ የደረጃ 4 ስሌት አይሠራም። ኪሳራን በተስፋ ማባዛት ትርጉም የለውም። ያኔ ወደ መዝገብ ዋጋ እና ወደ ሽያጭ ነው የሚታየው።

ደረጃ 7፦ የትርፍ ድርሻው ቀን

አጭር ነው፣ ግን ገንዘብ ያስበላል። አንድ ባንክ በአክሲዮን 250 ብር ቢያተርፍ 250 አይከፍላችሁም። ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ለሕጋዊ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እስኪስተካከል። ስለዚህ 62.50 ወዲያው ይወጣል። ከቀረው 187.50 ጉባኤው 180 ይከፈል ቢል፣ ከእሱ ላይ ደግሞ ግብር ይቆረጣል።

የ1,500 ብሩ አክሲዮን የትርፍ ድርሻው ለባለቤቱ ከታሰበ በኋላ ወደ 1,320 ቢወርድ አትደንግጡ። 180 ብሩ ከአክሲዮኑ ወጥቶ ወደ ሰው ኪስ ገብቷል። በስምምነት የምትገዙ ከሆነ ውሉ ላይ አስጽፉ፤ የዘንድሮው የትርፍ ድርሻ የማን ነው? የሻጭ ወይስ የገዥ? ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ ወንድማማቾች ሲኮራረፉ አይቻለሁ።

ደረጃ 8፦ ገበያው ስስ መሆኑን አስቡ

የእኛ ገበያ ገና ልጅ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ላይ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ቀርቦ፣ ከጥቅምት 2017 እስከ የካቲት ድረስ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል። ብዙ ሰው ነው፤ ግን ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። በየቀኑ የሚገዛና የሚሸጥ ሲያንስ፣ የትርፍ ዜና መጥቶ ዋጋው ሳምንታት ንቅንቅ ላይል ይችላል። ወይም አንድ የቸገረው ሰው በርካሽ ሲሸጥ የሁላችንም ዋጋ የወደቀ ይመስላል።

ስለዚህ የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ አትዩ። ስንት አክሲዮን በዚያ ዋጋ ተሸጠ? መቼ? ገዥ ከሚለውና ሻጭ ከሚለው መሐል ያለው ርቀት ስንት ነው? በደላላ ድርጅት በኩል ስታዝዙ የምትከፍሉትን ከፍተኛ ዋጋ ቆርጣችሁ ተናገሩ። «በተገኘው ዋጋ» ማለት ስስ ገበያ ላይ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ዋጋ ሳይጠይቁ በግ እንደመጎተት ነው። ደላላውም ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

አጎቴ ደረሰኙን ገልብጠው ተመለከቱት። የቀረ ባዶ ቦታ የለም። ባንኩ አዲሱን 2 ቢሊዮን ያስገባው መቼ እንደሆነ በስልክ የሚያውቁትን አንድ ሰው ጠየቁ። ጥር ላይ ነው ተባሉ፤ ዓመቱ አጋማሽ። 286 ሲባዛ በ6 አሰሉ፣ 1,716 መጣ።

«1,700 እለዋለሁ» አሉ። «1,650 ካለ እሺ ነው። የትርፍ ድርሻው ግን የእኔ።»

ሂሳቡን እኔ ልክፈል ብል እምቢ አሉ። ደረሰኙን ደግሞ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።